ጀምሮ ስለ መተው

በጎ ሥራን ፈጽሞ ካለመጀመርና ጀምሮ ከማቋረጥ የትኛው ይከፋል? በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ባሕር ማዶ ይሄድ የነበረው እጓለ ማውታ አሳዳጊና መካሪውን ከአገሩ ሰው ይጠብቃል። ግሮስማንና ሮድስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1994 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ፣ ከመካሪያቸው ጋራ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ልጆች ከሁሉ ይልቅ ተጠቅመው ተገኙ፤ ፈጥነው የተተዉት ግን ባንዳንድ ነገር ከቀድሞው ዝቅ አሉ። አንድ ጊዜ የተተወ ልጅ ዳግመኛ ሲተው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላልና። የክርስትና አባትም ልጅን የሚያነሣው ለአንድ ሰሞን አይደለም። ስለዚህ መካሪ ልሁን የሚል ሰው ከገንዘቡ አስቀድሞ ዘመኑን ይቍጠር፤ መቆየት የማይችል እንደ ሆነ፣ አባት ነኝ ሳይል ምጽዋቱን ሰጥቶ ይለፍ፤ ይህም እንደ ጭካኔ አይቈጠርበትም።