የትዕግሥት ዋጋ

ዋጋ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው በገበያ የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም በጎ የሠራ ሰው የሚቀበለው ብድራት ነው። ሁለቱ ፍጹም ሲራራቁ በመካከላቸው የሚጐዳ ሰው አይታጣም። በመዝገብና በሒሳብ ውስጥ የምንውል የመንግሥት ሠራተኞችም ይህን ልናስብበት ይገባናል።

በላስታ ደጋ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደርሶ በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸውን ያጡ አሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ አያት ወይም አክስት ተቀብላ ማሳደጓ የቆየ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ሌሊት እየባነነ የሚጮኸውን፣ ወይም እኩዮቹን የሚደበድበውን ልጅ እንጀራ ብቻ አያድነውም። ከሠለጠነ ሰው ጋር በየሳምንቱ መነጋገርን ይሻል፤ አሳዳጊውም አያያዙን መማር ያስፈልጋታል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለገጠሩ ሕዝብ ትልቅ ጥላ ሆኖለታል፤ የድኻውንም መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ይሁን እንጂ ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው በአብዛኛው ምርመራውና መድኃኒቱ እየተቈጠረ ነው። መድኃኒት በፍሬ ይቈጠራል፤ ዝም ያለ ሕፃን እስኪናገር መጠበቅ ግን በምን ይቈጠራል? ለዚህ የሚከፈለው ትንሽ ከሆነ ባለሙያው አንዱን ልጅ ከማድመጥ ይልቅ ብዙ ካርድ ማየት ግድ ይሆንበታል።

ችግሩ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት መድን በአሳዳጊ ቤት ያሉትን ሕፃናት ያቅፋል፤ ነገር ግን ክፍያው ዝቅተኛ በሆነበት ክፍለ ግዛት ብዙ ሐኪሞች አንቀበልም ይላሉ። ልጁ የመድን ወረቀት ይዞ ሐኪም ያጣል።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈለው ጠራቢ በአወጣው ድንጋይ ብዛት ብቻ ቢከፈለው ኖሮ፣ ዐምዱን ማን ያስቀርልን ነበር? የሥራው ክብር በተወው ላይም ነውና። የሕፃንም መዳን እንዲሁ ነው፤ ያልጮኸበት ሌሊት፣ ያልሰነዘረው ዱላ በመዝገብ አይገባም።

«ሙት ልጅን ማሳደግ ጽድቅ ነው፤ ለጽድቅ ክፍያ ለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አክስቲቱ ደመወዝ አልጠየቀችም። ነገር ግን ጽድቁ የእርሷ ነው እንጂ የግምጃ ቤቱ አይደለም። መንግሥት ሊከፍለው የሚገባውን በእርሷ ትከሻ ላይ ጭኖ ቢቈጥብ፣ በሰው ጽድቅ መነገድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ተመን የምናወጣ ሰዎች፣ የክፍያው ዝርዝር የሒሳብ ወረቀት ብቻ እንዳይመስለን። በዚያ ዝርዝር ላይ ያልጻፍነውን ነገር፣ ዋጋ የለውም ብለን ፈርመንበታልና።