አጥቂው ወንበር ላይ ሲቀመጥ

ልጆቼ፣ ጣርማ በር ላይ ኳስ የሚጫወት ሁሉ አጥቂ መሆን ይፈልጋል። አይፈረድባችሁም። ጉም በወረደ ቀን ሜዳ ዳር ለቆመ ሰው የሚሰማው «ገባ!» የሚለው ጩኸት ብቻ ነው፤ ማን እንዳቀበለ፣ ማን ተከላካዩን ይዞ ሄዶ ቦታ እንደከፈተ አይታይም። ከመካከላችሁ ግን ከወዲሁ «ጫማ ስሰቅል አሰልጣኝ እሆናለሁ» የምትሉ አላችሁ። እኔም የምናገረው ለእናንተ ነው።

መንግሥቱ ወርቁን ታውቁታላችሁ? የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘን። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለቴም ደረስንባቸው። የኋለኛዋን መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ያገባት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን ጨመረ፤ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛዋን አግብቶ ነገሩን ጨረሰው። 4 ለ 2። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እሳቸውም የጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ ኋላም የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍን) በፕሬዚዳንትነት እስከ ዕለተ ሞታቸው የመሩ ሰው ናቸው።

መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች በጠቅላላው 10 ግብ አለው። ጫማ ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆነና በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ሄደ። ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ ዛምቢያ 1 ለ 0 አሸነፉን፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። ያ ሁሉ ግብ ያገባ ሰው ያሰለጠነው ቡድን አንድም ሳያገባ ተመለሰ።

በዚህ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔ አልስቅም። ያቺ አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት። እሷን 90 ደቂቃ ሙሉ ያለ ግብ መያዝ የተከላካይ ሥራ ነው፤ ያንን ያሠራው ደግሞ ዕድሜውን በአጥቂነት ያሳለፈ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ፣ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ደቡብ አፍሪካ እስኪያደርሱት፣ 31 ዓመት የአፍሪካ ዋንጫን በሩቁ ስናይ ኖረናል። ሊቢያ መድረሱ ራሱ ምን ያህል እንደነበር ከዚያ ቁጠሩት።

ጎበዝ ተጫዋች መሆንና ጎበዝ አሰልጣኝ መሆን ግን አንድ አይደለም። እንግሊዞች ዘንድ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ቦቢ ቻርልተንና ጃክ ቻርልተን። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለምን ዋንጫ አብረው አነሱ። ቦቢ ለአገሩ 49 ግብ ያገባ፣ ኳስ የምትታዘዝለት ሰው ነበር። ጃክ ረጅም፣ ኮስታራ ተከላካይ ነበር፤ ችሎታህ ከወንድምህ ያንሳል ቢሉት ይከፋው የነበረ አይመስለኝም። ቦቢ ፕሬስተን የተባለውን ክለብ በአሰልጣኝነት በያዘ በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ቡድኑ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ጃክ ግን አየርላንድን አሰልጥኖ እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አደረሰ።

እንደሚመስለኝ፣ ሁሉ ነገር በተፈጥሮ የተሰጠው ሰው ያልተሰጠው ልጅ ምን እንደሚያቅተው አይገባውም። «እንዲህ ምታት እንጂ!» ይላል፤ ልጁ ግን እንዴት ብሎ? እንግዲህ ከእናንተ መካከል ጎበዝ የሆነው የበለጠ ይጠንቀቅ። ተቀያሪ ወንበር ላይ የምትቀመጡትም ጊዜያችሁን በማኩረፍ አትጨርሱት፤ ደብተር ያዙ፣ ኳሷ ያለችበትን ትታችሁ የሌለችበትን ተመልከቱ፣ ማን ቦታውን ለቆ እንደወጣ ጻፉ። የካፍ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ከዲ ተነስቶ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ነው የሚወጣው፤ ኮርሱ ላይ ቁጭ ብሎ መማር አለ። ትምህርት ቤት «ኳስ አለኝ» ብላችሁ የምታቋርጡ ይህን ከአሁኑ አስቡበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሜዳችሁ ላይ አያለሁ። ኳስ ወደ ገደሉ በተንከባለለች ቁጥር የምትልኩት ያንኑ አንድ ልጅ ነው፤ መጫወት አይችልም ብላችሁ። ያንን ቁልቁለት በሩጫ ወርዶ፣ ዳገቱን ኳስ ታቅፎ ወጥቶ፣ ሳያለከልክ ወርውሮላችሁ ዳር ይቆማል። በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ብርድ! በመጪው እሁድ ቀኝ ተከላካይ አድርጉት፤ ኳሷን ለማምጣት ደግሞ አጥቂዎቹ ተራ ይግቡ።