አግዳሚውን አትርሳ

ልጄ፣ ጠጅ ቤት ልትከፍት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። የምትገዛውን ዕቃ ስትዘረዝርልኝ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ክብ ጠረጴዛ አልክ፣ ለሁለት ለሁለት ሰው የሚሆን ወንበር አልክ፤ አግዳሚ አላልክም።

እኔ አርባ ዓመት ያህል የጠጣሁበት ቤት ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። የጭቃ ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር፤ ከዚያ በቀር መቀመጫ የለም። ዳኛም ይምጣ ሊስትሮ፣ ባገኘው ሰው ጎን ነው የሚቀመጠው። ሽማግሌ ሲገባ ሁሉም ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። እሳቸውም «በእግዜር!» ብለው፣ ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ በለቀቀላቸው ቦታ አረፍ ይላሉ። በነጠላ ወንበር ላይ ማን ለማን ይጠጋል?

አባቴ ያረፈ ሰሞን፣ ለቅሶው ሲበተን፣ ብቻዬን ገብቼ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ብርሌ ይዤ ዝም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ አላውቀውም፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዱለቱ ሲመጣለት ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርጎ «እንብላ» አለኝ። «ብላ፣ በልቻለሁ» አልኩት። ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አንዱ ያጣላል ብሎ ደገመኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ያ ሰው ዛሬ አበ ልጄ ነው።

ምግብ አታብዛ። ጥሩ ዱለት፣ ትኩስ ጥብስ፣ ለጾም ቀን ሽሮና ቆሎ ካለህ ይበቃሃል። ቅቅል እንቁላል በባልዲ ይዞ የሚዞር ልጅ በር ላይ ሲቆም አታባርረው። እኛ ጠጅ ቤት የሚመጣው ልጅ እንቁላሉን መዳፉ ላይ ልጦ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ ሚጥሚጣውን በጣቱ ነስንሶ ይሰጠን ነበር። ኪሱ የሳሳ ሰው በዚያ አንድ እንቁላል ከሁሉም እኩል ሲጫወት ያመሻል። ድሮ በአገራችን የበሰለ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ገብቶ መብላት አፍረው፣ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙ አለማመዷቸው ይባላል። ስለዚህ ገንዘብ ብትቀበልም የገባው ሰው እንግዳህ መሆኑን አትዘንጋ።

በማሩ አትቀልድ። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው፤ ከዚያ ጌሾው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠን። ማር ሲወደድ ስኳር ጨምረው፣ ቢጫ ቀለም በጥብጠው የሚሸጡ ሞልተዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ካለ ቤት ጠጥቼ ሁለት ቀን ራሴን ይዞኛል፤ ዳግመኛ ደጁን አልረገጥኩም። ማር ካጣህ ያን ሳምንት ዝጋ። ለማይጠጣ ሰው ደግሞ ብርዝ ይኑርህ፤ ብርዝ የሌለበት ጠጅ ቤት ጾመኛውንና የታመመውን ከወዳጆቹ ይለያል።

አሳላፊ ስትቀጥር ከፍጥነቱ ይልቅ ዓይኑን እይ። የኛ አሳላፊ መጀመሪያ ከጠጁ ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይቀዳም ነበር። ሰው ሞቅ ሲለው ደግሞ የብርሌውን አፍ በእጁ ከድኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለዛሬ ይበቃዎታል፣ ጋሼ» ይላል። ማንም ተቆጥቶት አያውቅም። ቤቱም ብዙ ሳይመሽ ይዘጋ ስለነበር ሚስቶቻችን ያን ቤት ይወዱት ነበር።

ከሰፈሩ ስንነሣ የማዕዱ ሰው ሁሉ በየከተማው ዳር ተበተነ። አሁን የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ነው፤ እዚያም የተለያየ ወንበር ላይ ተቀምጠን። ብዙዎቹ ልጄ ቤት ሊከፍት ነው ስላቸው፣ ሁለት ታክሲ ይዘውም ቢሆን እንደሚመጡ ነግረውኛል።

ቤቱ ከመፍረሱ በፊት አንደኛውን አግዳሚ ከባለቤቲቱ ገዝቼዋለሁ። ጥድ ነው፤ መሐሉ በተቀማጭ ብዛት ጎድጉዷል እንጂ እግሩ አልተነቃነቀም። ጓሮዬ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቅዳሜ የጭነት መኪና ይዘህ ና፤ ለማንሣት አራት ሰው ይፈልጋል።