የወረቀቱ ዋጋና የቃሉ ዋጋ

የአንድ መጽሔት የዓመት ደንበኛ የሚሆን ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለምኑ ነው? ለወረቀቱና ለቀለሙ ነው፣ ወይስ በወረቀቱ ላይ ለሰፈረው ሐሳብ? መጽሔት በወረቀት ብቻ ይታተም በነበረበት ዘመን ሁለቱ ተነጣጥለው ስለማይታዩ ጥያቄው ጠያቂ አልነበረውም። ዛሬ ግን ያው ጽሑፍ በወረቀትም በስልክም ይቀርባል፤ ለየራሱም ዋጋ ይቆረጥለታል። ስለሆነም ነገሩ የሒሳብ ሠራተኛው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፍትሕ ጥያቄ ሆኗል።

በዚህ ረገድ ዘወትር የሚሰማው ክርክር የታወቀ ነው። አንባቢው፣ «ዲጂታሉ ወረቀት አልፈጀ፣ መኪና አልጫነው፤ ስለዚህ ዋጋው እጅግ ዝቅ ይበል» ይላል። አሳታሚው በበኩሉ፣ «የደራሲው፣ የአርታኢውና የሠዓሊው ድካም በሁለቱም ላይ አንድ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሆኖም ሁለቱም የሚናገሩት መጽሔቱ ለአምራቹ ስንት እንደፈጀበት ነው። አንባቢው በገንዘቡ ምን ዓይነት መብት እንደገዛ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እስቲ መዘዞ ላይ የሚያስተምር አንድ መምህር እናስብ። መዘዞ ከደሴው መንገድ ጣርማ በር ላይ ተገንጥሎ ወደ መንዝ በሚያመራው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። አዲስ አበባ የታተመ መጽሔት ደብረ ብርሃንን አልፎ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ወሬው ያረጃል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከደረሰ የመምህሩ ነው። ለባልደረባው ያውሰዋል፤ ባልደረባው ለተማሪው ይሰጠዋል፤ ተማሪው ለታላቅ ወንድሙ ያነብለታል። በመጨረሻም ገጾቹ ተገንጥለው የቤት ግድግዳ ይለጠፍባቸዋል፣ አለዚያም ከሱቅ በርበሬ ይጠቀለልባቸዋል። ከተለጠፈ ጋዜጣ ላይ ፊደል የለየ ሕፃን በአገራችን ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው የአንድ ሰው ደንበኝነት ነው።

ይኸው መምህር የዲጂታሉ ደንበኛ ቢሆን የሚያገኘው በራሱ ስልክና በራሱ የይለፍ ቃል የመግባት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለሌላ አይተላለፍም። ክፍያው ሲቋረጥ የሚመጣው እትም ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ያለፈው ዓመት እትም ጭምር ይዘጋበታል። የመዘዞ ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀው በቡናማው ኦፓል ነው፤ ይህ ድንጋይ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ አለበት። ገዢው ቢሰነጠቅበትም እንኳ ስንጥቁ በእጁ ይቀራል። የዲጂታሉ ደንበኛ እጅ ላይ ግን የሚቀር ስንጥቅ እንኳ የለም።

ቃሉንና ቃሉን የተሸከመውን ነገር ለይቶ ማየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብራና ዘመን አጻፊው ይከፍል የነበረው ለብራናው፣ ለድጉሱና ለቁም ጸሐፊው ድካም ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሰረቀና ጽሑፉን የፋቀ የተወገዘ እንዲሆን ተጽፎ እናገኛለን፤ የገለበጠ ይወገዝ የሚል ግን የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ሲሠራጭ፣ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ በቀር ጋዜጣ ለመባልም ባልበቃ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ የተቋቋሙት የንባብ ቤቶችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ አንድ ቅጂ ለአንድ ቀበሌ። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ያከራዩ የነበሩት ሰዎች ደግሞ የማንበብን ዋጋ ከመያዝ ዋጋ በገበያ ለይተው አሳዩ። ሥራ ፈላጊው የሽያጩን ዋጋ ጥቂት ክፋይ ከፍሎ፣ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። ለአሳታሚው ይህ ኪሳራ ነበር ሊባል ይችላል፤ ያ ሥራ ፈላጊ ግን ቀድሞውንም ጋዜጣውን የመግዛት ዐቅም አልነበረውም።

ይህን ስል ዲጂታሉን ለማጣጣል አይደለም። መዘዞና ዋሽንግተን ላይ ያለ አንባቢ አንዱን ጽሑፍ በአንድ ሰዓት እንዲያነብ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። ርቀትን ድል መንሣት ግን ዋጋን እኩል አላደረገም። በዶላር የተተመነ የውጭ መጽሔት በዓመት 50 ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላሩ በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ ይህ 2,850 ብር ያህል ነበር፤ ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር ሲያልፍ ከ5,500 ብር በላይ ሆነ። አንድ ገጽ አልተጨመረም፤ የመምህሩም ደመወዝ በዚያው ልክ አላደገም። እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት እንደተጀመረው ሂናሪ ያሉ ፕሮግራሞች ለድሀ አገሮች የምርምር መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ይከፍታሉ፤ የሚከፍቱት ግን ለተቋማት ነው። የገጠር መምህር በዚያ በር አይገባም።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በስልኩ ላይ አስቀድሞ ያላወረደ ደንበኛ የከፈለበትን ማንበብ አልቻለም። ከመደርደሪያ ላይ ያለ መጽሔት እንዲህ ያለ ነገር አይደርስበትም።

የሚገርመው፣ በሌላው ዓለም ነገሩ ተገልብጦ ወረቀት የባለጸጋ ዕቃ ወደ መሆን ማዘንበሉ ነው። የአሜሪካው «ኒውስዊክ» እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የወረቀት እትሙን አቁሞ በ2014 ሲመለስ፣ ወጪውን ከማስታወቂያ ይልቅ ከአንባቢው ኪስ ለመሸፈን ዋጋውን ከፍ አድርጎ ነበር።

«እንግዲያው ዲጂታሉን በቴሌግራም እየተላላክን እንደ ወረቀቱ እንዋዋሰው» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የወረቀት ውሰት በራሱ ልክ አለው፤ ያዋሰ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ራሱ የለውም። የተላከ ፋይል ግን ከላኪው አይጎድልም፤ የሚጎድለው ከደራሲው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት የደነገገው ለምቾት አይደለም፤ ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ካላገኘ ሥራው ስለሚቆም ነው። በብራና ዘመን የገለበጠ አለመወገዙም ይህን ልቅነት አይፈቅድም። ያ ገልባጭ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ የራሱን ድካም ከፍሏል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ዲጂታሉ ከወረቀቱ መርከስ ያለበት ወረቀት ስለዳነ አይደለም፤ አንባቢው የሚቀበለው መብት ስላነሰ ነው። አሳታሚው የተከፈለበት እትም ወርዶ ለዘለቄታው እንዲቀመጥ ከፈቀደ፣ ባለቤቱ ለአንድ ሰው በተራ እንዲያውሰው ካደረገ፣ ክፍያውንም በብር ተምኖ በቴሌብር ከተቀበለ፣ የወረቀቱን ያህል ቢያስከፍል አልከራከረውም። ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ግን እንደ አራት ኪሎው አከራይ የማንበቢያ ዋጋ ብቻ ይጠይቅ።

የአንድ ትምህርት ቤት ደንበኝነትስ? የመዘዞ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ከፍሎ በግቢው ውስጥ ላለ መምህርና ተማሪ ሁሉ ቢከፈትለት፣ ዋጋው በተማሪው ቁጥር ይባዛ ወይስ የአንድ መደርደሪያ ዋጋ ይሁን? ለወረቀቱ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ አንድ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላ አንባቢውን የሚቆጥርበት አሳታሚ አልነበረም። ቆጣሪው ዛሬ በአሳታሚው እጅ ስላለ ብቻ ዋጋውን ብቻውን ይወስን ማለት አይቻልም፤ መምህራኑም ቃል ሊኖራቸው ይገባል።