የሰው ወርቅ ያደምቃልን?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ይህ አባባል ስለ ጌጥ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንደሚሠራ የገባኝ በራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ ድርጅት የጸሐፊዎችን ክፍያ የሚያሰላ ፕሮግራም ሠራሁ። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ የጀመርኩት ብዕር ብቻውን የቤት ኪራይ አልከፍል ስላለኝ ነው። ክፍያው በቃላት ብዛት፣ በገጽ ወይም በቁርጥ ዋጋ ይታሰባል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፓይተን በተባለው የስክሪፕት ቋንቋ ከ40 የማይበልጥ መስመር ይበቃው ነበር። እኔ ግን 11 ክላስ ደረደርኩበት።

በዚያ ሰሞን «ዲዛይን ፓተርንስ» የተባለውን መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ኤሪክ ጋማና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ይህ መጽሐፍ፣ በኦብጄክት ተኮር ፕሮግራም ሥራ ደጋግመው ለሚያጋጥሙ ችግሮች 23 የመፍትሔ ንድፎችን በየስማቸው ያቀርባል። እነዚህን ካልተጠቀምኩ አዋቂ የሚለኝ አይኖርም ብዬ አሰብኩ።

ከዓመት በኋላ ፕሮግራሙን የተረከበች ወጣት ደወለችልኝ። የትርጉም ሥራ ክፍያ እንድትጨምርበት ታዝዛ ሦስት ቀን ታግላለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ክላስ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«እሱማ ስትራቴጂ የሚባለው ንድፍ ነው» አልኳት።

«ስሙንስ አንብቤዋለሁ። የጠየቅሁዎት ሥራውን ነው።»

መልስ አጣሁ። በዚያ ወር የተርጓሚዎቹ ክፍያ ዘገየ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። «ስትራቴጂ» ማለት አንድ ሥራ በተለያየ ስልት የሚከናወን ሲሆን፣ እያንዳንዱን ስልት በየራሱ ክላስ አኑሮ እንደ አስፈላጊነቱ ማቀያየር ነው። የመጽሐፉ ምሳሌዎች በሲ ፕላስ ፕላስና በስሞልቶክ የተጻፉ ናቸው። በፓይተን ግን ፈንክሽን ራሱ፣ እንደ ቁጥር ሁሉ፣ ከአንዱ የፕሮግራም ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነገር ነው። ሦስት የአከፋፈል ስልት ካለ ሦስት ፈንክሽን ይበቃል። ፒተር ኖርቪግ እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከ23ቱ ንድፎች 16ቱ እንደ ሊስፕና ዳይላን ባሉ ቋንቋዎች ወይ እንደሚቀሉ ወይ ጭራሹን እንደማይታዩ አሳይቷል። እንግዲህ ብዙዎቹ ንድፎች የቋንቋን ጉድለት ይሞሉ ነበር ማለት ነው። ጉድለቱ በሌለበት መሙያው ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ የሚሞግተኝ አይጠፋም። «የስክሪፕት ቋንቋ ልል ነው፤ ሥርዓት ካልተበጀለት ፕሮግራሙ ሲያድግ ማንም አይቆጣጠረውም» ይላል። እውነት አለው። ብዙ እጅ በሚነካው ትልቅ ሥራ ላይ፣ የአንዱ ክፍል ለውጥ ለሌሎቹ ሁሉ እንዲነገር ሲያስፈልግ፣ «ኦብዘርቨር» የተባለው ንድፍ በፓይተንም ይረዳል። ሁሉም የሚያውቀው ስም መኖሩም የሥራ ባልደረቦችን ብዙ ማብራሪያ ያድናል። ስለዚህ በደሉ ከንድፉ አይደለም። በደሉ ጥያቄው ሳይኖረኝ መልሱን መዋሴ ነው። የባሰው ደግሞ፣ ክብሩን ለራሴ ፈልጌ ዋጋውን ሌላ ሰው በድካሙ እንዲከፍል ማድረጌ ነው።

የንድፍ አሳብ መነሻው የሕንፃ ሙያ ነው። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ንድፎችን የሰበሰበው፣ ሰዎች የሚኖሩበት ቤትና ሠፈር እንዲስማማቸው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ ለተሰበሰቡ የፕሮግራም ባለሙያዎች ሲናገር የሞራሉን ጥያቄ አነሣባቸው፤ የምትሠሩት ነገር የሰውን ሕይወት ያሻሽላልን? የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። እኔ ንድፉን ስወስድ ጥያቄውን ትቼው ነበር።

ፕሮግራሙን ያለ ክፍያ እንደገና ጻፍኩት። 36 መስመር ሆነ። ለወጣቷ ላክሁላት፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችና በገጽ ክፍያው ሒሳብ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ነገረችኝ። በ11ዱ ክላስ ውስጥም ያው ስሕተት ነበረ፤ ግን ማንም ሊያየው አልቻለም። እርማቱንም እሷው ሠራችው።