ቁልቁለትና ኃላፊነት

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ማሽላና ማሾ ወደሚበቅሉበት የይፋት ቆላ ያደርሳል። በዚህ ተዳፋት የሚያርስ ገበሬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርቦ እርከን ይክባል፤ ዓላማውም የውሃውን አወራረድ መግራት ነው። ካቡ ቢናድ ግን ጎርፉ የእርሱን ማሳ ብቻ ጠርጎ አይቀርም፤ ከበታቹ ወዳለው ጎረቤትም ይዘልቃል። እንግዲህ በቁልቁለት ላይ የሚገነባ ሰው ተጠያቂነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከይፋት እጅግ የራቀ አንድ ሕይወት ምሳሌ ይሆናል። ሃይኒ ክሎፕፈር (1918–1968 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ የበረዶ ሸርተቴ ዘላይና አርክቴክት ነበር። በዚህ ስፖርት ተወዳዳሪው ረጃጅም ሸርተቴ በእግሩ አስሮ በበረዷማ ተዳፋት ይንደረደራል፤ ከጫፉም ተስፈንጥሮ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ተመልካች የሚያደንቀው በረራውን ነው። ሕይወቱን የሚያተርፈው ግን ማረፊያው ነው፤ መሬቱ ከሰውየው አወራረድ ጋር አብሮ ስለሚያዘቀዝቅ ግጭቱ ይለዝባል። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቢያርፍ አጥንቱ በተሰበረ ነበር።

ክሎፕፈር ከሁለት ዘላይ ጓደኞቹ፣ ከቶኒ ብሩትሸርና ከሴፕ ቫይለር ጋር ያሰበው የኦበርስትዶርፍ መዝለያ በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያውን የሙከራ ዝላይ የዘለለው ነዳፊው ራሱ ነው። በዚያው ዓመት ስዊድናዊው ዳን ኔትሴል 135 ሜትር በመዝለል የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበበት።

ራስን አስቀድሞ ለአደጋ ማቅረብ የሚያስከብር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብቻ በቂ ነውን? የተካነ ሰው ድፍረት ለጀማሪ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ገንቢው «እኔ በሰላም አርፌአለሁ» በማለቱ ኃላፊነቱ አያበቃም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው፣ ምናልባትም ከእርሱ ርቆ የሚሄደው፣ የት እንደሚያርፍ ሊያስብ ይገባዋል። ከክሎፕፈር ሞት በኋላ መዝለያው በስሙ ተጠራ፤ ዘላዮች እየራቁ ሲሄዱ ግን ቅርጹ ተለወጠ፤ በ2017 እ.ኤ.አ.ም እንደ ገና ታደሰ። ስሙ የጸናው ሥራው ሳይለወጥ በመቅረቱ አልነበረም።

የይፋት ገበሬም ከክረምት በኋላ የተናደውን ካብ መልሶ ይክባል። መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ሰው ሌሎች የሚንደረደሩበትን ተዳፋት ያበጃል። የሥራው እውነተኛ መለኪያ እርሱ ራሱ የዘለለው ርቀት ሳይሆን፣ ከበታቹ ያለው ሰው በደኅና ማረፉ ነው።