የመስመሩ ድርሻና የገጹ ውበት

የአንድ ሥራ ክፍል ለጠቅላላው ውበት ሲባል መጎዳት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ፣ ፈጣሪ ቸርና ሁሉን ቻይ ሆኖ ሳለ በዓለም ክፋት ስለ ምን ይታያል ከሚለው ክርክር ጋር ተያይዞ የኖረ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው «ቴዎዲሲ» በተባለው መጽሐፉ፣ ፈጣሪ ሊፈጠሩ ይችሉ ከነበሩት ዓለማት የተሻለውን መርጧልና በአንድ ስፍራ የሚታየው ጉድለት ለጠቅላላው ሥርዓት ሲባል የተፈቀደ ነው ሲል ተከራክሯል። ሐሳቡ ረቂቅ ቢሆንም ዛሬ በቁጥር እየተሰላ የሚሠራበት ስፍራ አለ፤ እርሱም የመጽሐፍ ገጽ የሚያቀናብረው ቴክ የተባለው ሶፍትዌር ነው።

ቴክ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ሲሆን፣ ተጠቃሚው ገጹን በዓይኑ እያየ በእጁ የሚያቃናበት ሳይሆን ፈቃዱን በትእዛዝ ጽፎ የሚያስፈጽምበት ነው። ማክሮ የሚባለውም ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ስም ጠቅልሎ የሚይዝና ስሙ በተጠራ ቁጥር ተዘርግቶ የሚፈጸም ቃል ነው። ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክና ከሌሎች ጋር ሆነው ባዘጋጁት የማክሮ ጥቅል አማካይነት ቴክ የኢትዮጵያን ፊደልም መጻፍ ችሏል።

ይህ ሶፍትዌር አንቀጽን ወደ መስመር ሲከፍል አንዱን መስመር ሞልቶ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ከልኩ ምን ያህል እንደ ተለጠጠ ወይም እንደ ተጨመቀ ከተፈቀደለት መጠን ጋር አነጻጽሮ ይለካል፣ ያን ንጽጽር ወደ ሦስተኛ ኃይል አንሥቶና በ100 አብዝቶ ለእያንዳንዱ መስመር የጉድለት ዋጋ ይሰጣል፣ 10,000 የደረሰውንም ወሰን የለሽ ጉድለት አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያም ከጉድለቱ የሚሰላው የሁሉም መስመሮች ቅጣት ተደምሮ የሚያንስበትን አከፋፈል ይመርጣል። ስለዚህ በአንቀጹ መጨረሻ የተለወጠች አንዲት ቃል የመጀመሪያውን መስመር ልታናጋ ትችላለች፤ አንዱ መስመር ሳስቶ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ሌላው እንዲያምር ነው። ላይብኒዝ ቢያየው ደስ ይለው ነበር ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊ ግን ሁለት ሕግ ያውቃል። ከላንጋኖ ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ባለችው በቱሉ ጉዶ ደሴት የደብረ ጽዮን ገዳም ተጠብቀው እንደ ኖሩት ያሉ የብራና መጻሕፍት ሲዘጋጁ፣ ብራናው አስቀድሞ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር ይሰመርበታል። በተራው ንባብ ቃላት በሁለት ነጥብ ስለሚለዩ፣ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉ በየትኛውም ፊደል ላይ ያለ ምንም ሰረዝ ይሰበራል፤ በዚህ ሥርዓት ቃል ከዓምዱ ፊት ምንም መብት የለውም። ዳዊት ሲጻፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር ይሰጠዋል፣ ያጠረው ቀሪውን ብራና ባዶ ይተዋል፣ የረዘመው ደግሞ ትርፉ በመስመሩ ጫፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይወጣል እንጂ የሌላውን ስንኝ ቦታ አይወስድም። እዚህ ላይ ዋጋውን የሚከፍለው ገጹ ነው።

ይህን የዳዊት ሥርዓት በቴክ ማስፈጸም የሚሻ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የረዘመውን ስንኝ በየገጹ እየፈለጉ በእጅ ማንሳት ነው፤ ነገር ግን በፊተኛው ገጽ አንድ መስመር በተጨመረ ጊዜ ልፋቱ ሁሉ ይፈርሳል። ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. ከ1715 ጀምሮ ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከሳሙኤል ክላርክ ጋር ሲከራከር የነቀፈው፣ ዓለምን እንደ ሰዓት በየጊዜው እየጠመዘዘ የሚያቃና ፈጣሪ ይህን ይመስላል። ሁለተኛው ማክሮ መጻፍ ነው፤ ማክሮው ስንኙን ገና ሳያትመው በሣጥን ውስጥ አድርጎ ስፋቱን ይለካል፣ ከመስመሩ ከበለጠ ከልኩ ላይ ቆርጦ ትርፉን ከቀኝ ጫፍ በላይ ያስቀምጣል፣ ስንኙ በገጹ ራስ ላይ ከዋለና በላዩ ቦታ ከሌለ ደግሞ ወደ ታች ያወርዳል። ልዩ ሁኔታው ከሕጉ ውጭ የቀረ ምሕረት መሆኑ ቀርቶ የሕጉ አንድ ክፍል ይሆናል፤ ከሁለቱ የሚሻለውም ይኸው ነው።

በመጽሐፍ ራስ ላይ የሚሳለው ሐረግ፣ ማለትም እርስ በርሱ የሚጠላለፈው ጌጥ፣ በክፍሉና በጠቅላላው መካከል ሌላ ችግር ያመጣል። ቲክዚ የተባለው የቴክ የሥዕል ጥቅል ኋላ የተሳለውን ከፊተኛው በላይ ያደርጋል፤ በሐረግ ግን አንዱ ዘንግ በአንድ ስፍራ ከላይ፣ በሚቀጥለው ከታች ስለሚያልፍ ከዘንጎቹ አንዱን ፈጽሞ ቀዳሚ ሌላውን ፈጽሞ ተከታይ ማድረግ አይቻልም። መፍትሔው መገናኛውን ብቻ ቆርጦ እንደገና መሳል ነው።

ከጠቅላላው ተነሥቶ ክፍሉን የሚመዝነው የላይብኒዝ መልስ ለተራው አንቀጽ በቂ ነው፤ ለጸሎት ንባብ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም የሚጸልይ ሰው የሚያነበው ገጹን ሳይሆን ስንኙን ነው። ስለዚህ የግእዝ ዳዊትን በኮምፒውተር የሚያቀናብሩ ሁሉ በመስመሮች መካከል የሚነሣው ትርፍ የሚቀመጥበትን ቦታ ከመጀመሪያው ሊተዉ ይገባል፤ ወረቀት ለመቆጠብ ብለውም ስንኞችን እንደ ተራ አንቀጽ ሊያያይዙ አይገባም።